ሞዴላችሁን ወደማያውቀው ማሳ ውሰዱት

ልጆቼ፣ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሠርታችሁ ስታሳዩኝ መጀመሪያ የምትነግሩኝ ስንቱን በትክክል እንደመለሰ የሚያሳይ ቁጥር ነው። 98 በመቶ፣ 99 በመቶ። ደስ ይለኛል። ግን የፈተናችሁበት ዳታ ከየት መጣ?

እኔም በዚህ ቁጥር ተታልዬ አውቃለሁ። የቡና ቅጠል በሽታን ከፎቶ የሚለይ ሞዴል ሠርተን ነበር። ፎቶዎቹን በዘፈቀደ ከፍለን፣ አብዛኛውን አሠለጠንበት፣ በቀሪው ፈተንነው፤ ውጤቱ የሚያስጨበጭብ ሆነ። ከዚያ ሌላ ወረዳ፣ አንድ አባወራ ማሳ ውስጥ ገብተን ቅጠል ይዘን ስልኩን ስንደቅንበት፣ ጤነኛውን ሁሉ ታማሚ እያለ ቁጭ አለ። ሰውዬው ዝም ብለው ሲያዩን የተሰማኝ ስሜት እስካሁን አይረሳኝም። ማታ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ነገሩ ገባኝ። የታመሙት ቅጠሎች በእጅ ተይዘው ነው የተነሱት፣ ጤነኞቹ ግን ዛፉ ላይ እንዳሉ። ሞዴሉ የተማረው ጣት መለየት ነው! በዚያ ላይ አንዱ ቅጠል አምስት ጊዜ ተነስቶ ሦስቱ ማሠልጠኛው ውስጥ፣ ሁለቱ መፈተኛው ውስጥ ገብተዋል። መልሱን ሸምድዶ እንደገባ ተማሪ ማለት ነው።

የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፕላንትቪሌጅ የሚባለውን፣ ከ54 ሺህ በላይ የቅጠል ፎቶ ያለውን ስብስብ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት ሞዴሉ እዚያው ስብስብ ላይ 99.35 በመቶ አመጣ። ከሌላ ቦታ በተገኙ ፎቶዎች ሲፈተን ግን ወደ 31 በመቶ ወረደ፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው ሳይደብቁ ጽፈውታል። በኋላ ደግሞ ሌላ ተመራማሪ ከፎቶዎቹ ጀርባ 8 ፒክስል (ፎቶ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ብቻ ወስዶ 49 በመቶ አገኘ። ቅጠሉን ሳያይ።

ስለዚህ ዳታችሁን በፎቶ ሳይሆን በማሳ ክፈሉት፤ የአንድ ማሳ ፎቶ ሁሉ ወይ ማሠልጠኛው ወይ መፈተኛው ውስጥ ብቻ ይግባ። የአንድ ወረዳ ፎቶዎችን ሙሉ በሙሉ ደብቁና እስከ መጨረሻው አትንኩት፤ ውጤቱን እያያችሁ ሞዴሉን ካስተካከላችሁ የተደበቀ መሆኑ ቀረ። ቅጠሉን በጥቁር ሸፍናችሁም ሞክሩት። አሁንም በትክክል ከመለሰ እያጭበረበረ ነው። ፎቶ ማሽከርከር፣ ብርሃን መቀያየር፣ ድሮፕአውት (ሞዴሉ እንዳይሸመድድ በሥልጠና ጊዜ ከፊሉን በዘፈቀደ ማጥፋት)፣ ሁሉም ይረዳል፣ ተጠቀሙበት። ግን ዳታው ውስጥ ጭራሽ የሌለውን ነገር አያመጡላችሁም። ርካሽ ስልክ፣ ዝናብ፣ አቧራ፣ የዋርካ ጥላ፣ እነዚህን ሄዳችሁ ነው የምታመጡት።

ስትመጡ የዚያን የተደበቀ ወረዳ ቁጥር ይዛችሁልኝ ኑ። 60ም ቢሆን ቁጭ ብለን እናየዋለን።