ቀጭን ሰው ኢንሱሊኑ ለምን ከፍ ይላል? (መልስ)

ሰላም እህቴ። ቀጭን ነሽ፣ ስኳርሽ ኖርማል ነው፣ ግን በጾም የተለካው ኢንሱሊንሽ ከፍ አለ፤ «በዘር ይሆን?» ነው ጥያቄሽ። አዎ፣ ሊሆን ይችላል።

ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሴል የሚያስገባ ቁልፍ ነው፣ ሴሉ ላይ ያለው ተቀባይ ደግሞ ጓጉንቸሩ። ተቀባዩን የሚሠራው ዘረመል (አይኤንኤስአር ይባላል) ክሮሞዞም 19 ላይ ነው ያለው፤ እሱ ከተበላሸ ቁልፉ በደንብ አይዞርም፣ ቆሽት ስኳሩን ለመቆጣጠር ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል። የሚገርመው፣ እነዚህ ሰዎች ትራይግሊሰራይዳቸው (በደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) አብዛኛውን ጊዜ ኖርማል ነው፣ ጉበታቸውም ላይ ስብ አይታይም።

ኤልኤምኤንኤ የሚባለው ዘረመል ሲበላሽ ግን ተቃራኒው ነው። ትራይግሊሰራይድ ይጨምራል፣ የእጅና የእግር ስብ ይጠፋል፣ ደም ስር ይገተራል፣ ፊትና አንገት ይሞላል። ሰው «ስፖርተኛ ናት» ብሎ ያልፋታል።

ሁለቱም ብርቅ ናቸው። ይበልጥ የተለመደው እናት ወይም አባት ዓይነት 2 ስኳር ኖሮባቸው፣ ትንንሽ ተጽዕኖ ያላቸው ብዙ ዘረመሎች ተደማምረው ሲወረሱ ነው።

እስቲ አንገትሽንና ብብትሽን በመስታወት እዪ። ጠቆር ብሎ እንደ ከፋይ ጨርቅ የወፈረ ቆዳ ካለ እድፍ አይደለም፣ የኢንሱሊን መብዛት ምልክት ሊሆን ይችላል፣ በሳሙና አትፈትጊው፣ ለሐኪም አሳዪው። የወር አበባሽ ከተዛባም ንገሪያቸው። ሲ-ፔፕታይድም (ቆሽት ኢንሱሊን ሲያመነጭ አብሮ የሚወጣ ነገር ነው) አስለኪ፤ ኢንሱሊኑ ከፍ ብሎ እሱ ካልጨመረ ችግሩ ማመንጨቱ ላይ ላይሆን ይችላል። ሲርብሽ የሚያልብሽና የሚያንቀጠቅጥሽ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ቶሎ ሂጂ።