ሰፈር መብራት ሲጠፋ ባቡሩ ለምን አይቆምም?

ጥያቄ፦ አዳማ ነው የምኖረው። መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን የአዲስ አበባ–ጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲያልፍ አያለሁ። እንዴት ነው ነገሩ? ከአዳማ ወዲያ ወደ ጅቡቲስ ሀዲዱ ለምን ነጠላ ሆነ?

መልስ፦ ባቡሩ ከሰፈር ትራንስፎርመር አይደለም የሚወስደው። በመስመሩ ዳር የራሱ ማከፋፈያ ጣቢያዎች አሉት፤ እነሱ ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ተቀብለው ወደ 25 ሺህ ቮልት ያወርዱና ከሀዲዱ በላይ ለተዘረጋው ሽቦ ይሰጣሉ፣ ባቡሩም ጣሪያው ላይ ባለው ታጣፊ ክንድ ሽቦውን እየነካ ይሄዳል። ዋናው መስመር ከተቋረጠ ግን እሱም ይቆማል።

እስከ አዳማ ሀዲዱ ድርብ የሆነው ምልልሱ ስለሚበዛ ነው። ከዚያ ወዲያ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ተጠባብቀው ነው። ወጪ ይቆጥባል፤ አንዱ ሲዘገይ ግን ሌላውም ይዘገያል። ለእኔ ቀጣዩ ሥራ ይሄንንም ድርብ ማድረግ ነው።

አደራ፣ ልጆች ሽቦው አጠገብ ረጅም ብረት ይዘው እንዳይጫወቱ። ሳይነኩትም ይገድላል።