ሞኒተሩ 93 እያለ የቱቦ ነገር ለምን ይነሳል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቫይረስ ባመጣው የሳንባ ምች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቷል። በአፍንጫው ከፍተኛ ፍሰት ያለው ኦክስጅን ይሰጠዋል። ሞኒተሩ 93 ይላል፣ እሱም ያወራናል። ሐኪሞቹ ግን «ካልተሻለው በጉሮሮው የመተንፈሻ ቱቦ እናስገባለታለን» አሉን። ምን አይተው ነው? ትንሽ ይቆይ ብንልስ?

መልስ፦ ይማርልሽ እህቴ። 93ን ብቻዋን አትመኛት። እሷ የምትነግርሽ ደሙ ውስጥ ስላለው ኦክስጅን ነው እንጂ፣ እዚያ ለመድረስ ማሽኑ ምን ያህል እየሰጠው፣ እሱስ ምን ያህል እየለፋ እንደሆነ አትነግርሽም። ተራው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር 93 ያለውና በ80 በመቶ ኦክስጅን 93 ያለው ሰው በፍጹም አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ሐኪሞች ሮክስ የሚባል ስሌት አላቸው። የኦክስጅን ሙሌቱ (ሞኒተሩ ላይ የምታዪው ቁጥር) ለሚሰጠው የኦክስጅን መጠን ይካፈላል፣ የመጣው ደግሞ በደቂቃ ለሚተነፍሰው ብዛት። ሙሌቱ 92፣ ኦክስጅኑ 60 በመቶ (0.6)፣ ትንፋሹ 30 ከሆነ 5.1 ገደማ ይሆናል። ከሰዓታት በኋላ ኦክስጅኑ ወደ 80 በመቶ ከፍ ብሎ ትንፋሹ 38 ቢገባ ወደ 3 ይወርዳል፤ ሞኒተሩ ላይ ያለው 92 ግን ንቅንቅ አላለም! የአፍንጫው ኦክስጅን ከተጀመረ ከ2፣ ከ6 እና ከ12 ሰዓት በኋላ ሲለካ 4.88ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቱቦ የማስፈለጉ ዕድል ዝቅ ይላል። በ12ኛው ሰዓት ከ3.85 በታች ከሆነ ያሰጋል። መሃል ላይ ከሆነ በቅርብ እየተከታተሉ ደግሞ መለካት ነው። ፊት ላይ በሚታሰር ማስክ ለሚታገዙት ደግሞ የልብ ምትን፣ የደም አሲድነትን፣ ንቃትን፣ ኦክስጅንንና የትንፋሽ ብዛትን አንድ ላይ የሚደምር ሌላ ነጥብ አለ።

እኔ ግን ከአንዱ ቁጥር ይልቅ አካሄዱን ነው የማምነው። ደግሞም ዓይን ብዙ ያያል፤ የአንገቱ ጡንቻ በየትንፋሹ እየተወጠረ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ካቋረጠ፣ ወይም ሲቁነጠነጥ ቆይቶ ድንገት እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሞኒተሩ የፈለገውን ይበል፣ ነርሷን ወዲያው ጥሪ።

ይቆይ ለማለት አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ይኸው የአፍንጫ ኦክስጅን ካልበቃቸው ታማሚዎች መካከል ከ48 ሰዓት በኋላ ቱቦ የገባላቸው፣ ቀደም ብሎ ከገባላቸው ይልቅ በብዛት ሞተዋል። ጥናቱ ወደኋላ መለስ ብሎ መዝገብ ያየ ስለሆነ ምክንያቱ መዘግየቱ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፣ ግን ችላ የሚባል አይደለም። ሰውየው ተዝለፍልፎ በጥድፊያ ቱቦ ማስገባትና ተዘጋጅቶ ማስገባትም በጣም ይለያያሉ።

ሐኪሙን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ኦክስጅኑ ስንት በመቶ ደረሰ? በደቂቃ ስንት ይተነፍሳል? ከጠዋቱ ጋር ሲተያይስ?» በሆድህ ተኛ ካሉትም አበረታቱት። ይህ አተኛኝ በኮቪድ ታማሚዎች ላይ ቱቦ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ቁጥር ቀንሷል።