ክሪሚኖሎጂ ልማር ወይስ ሕግ?

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የትምህርት ክፍል የምመርጥበት ጊዜ ደርሷል። ፍላጎቴ ክሪሚኖሎጂ ነው። አባቴ «ስለ ወንጀል መማር ከፈለግሽ ሕግ ግቢ» ይለኛል፤ ጓደኞቼ ደግሞ መርማሪ ፖሊስ ልትሆኚ ነው ይሉኛል። ትምህርቱ ከሕግ በምን ይለያል? (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ዳኛ መሆን የሚሹ ከሆነ አባትዎ ትክክል ናቸው፤ የሕግ ዲግሪ ያስፈልግዎታል። የክሪሚኖሎጂ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የሕግ ተማሪ አንድ ድርጊት በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስቀጣ ሲመረምር፣ የክሪሚኖሎጂ ተማሪ ድርጊቱ ለምን እንደተፈጸመና ቅጣቱ የታሰበለትን ውጤት ማምጣት አለማምጣቱን ይመረምራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 1 ወንጀልን በማስጠንቀቅ፣ በመቅጣትና አጥፊውን በማረም መከላከልን ዓላማው ያደርጋል፤ ከማረሚያ ቤት የወጣው ሰው በእርግጥ ታርሞ እንደሆነ ለማወቅ ግን ሰውየውን ከወጣ በኋላ በተከታታይ ማጥናት ያስፈልጋል።

በትምህርቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግርዎት ቁጥር ነው። የፖሊስ መዝገብ የሚያሳየው የተመዘገበውን ወንጀል እንጂ የተፈጸመውን ሁሉ አይደለም። በሀገራችን ብዙ ጠብ በሽምግልና ያልቃል፤ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትም ገመና እንዳይወጣ ተብሎ ይሸፈናል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ የተመዘገበው ጥቃት ከዓምናው ቢጨምር፣ ጥቃቱ ራሱ በዝቶ ይሁን ወይስ የተጎዱ ሴቶች ደፍረው ማመልከት ጀምረው ይሁን መዝገቡ አይነግረንም፤ ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ጭማሪው የሚያስደስት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዎች ተጎድተው እንደሆነና ለፖሊስ አመልክተው እንደሆነ ይጠይቃሉ። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ኤድዊን ሰዘርላንድም እ.ኤ.አ. በ1939 ባደረገው ንግግር፣ ወንጀልን በድህነት የሚያብራሩ ባልደረቦቹን የተቸው፣ የነጋዴዎችና የባለሙያዎች ጥፋት በወንጀል ፍርድ ቤት እምብዛም ስለማይታይ የያዙት መረጃ ወደ ድሃው ያዘነበለ መሆኑን አስረድቶ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ትምህርት ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያለ በቂ ማስረጃ አንድን ሰፈር ወይም አንድን ወገን ወንጀለኛ ብሎ ከመፈረጅ ይጠብቀናል። ስታትስቲክስን የሚሸሽ ተማሪ ግን እዚህ አይደርስም።

ጓደኞችዎ የጠቀሱት የምርመራ ሥራ በፖሊስ ተቋማት የሚሰጥ ሥልጠና አለው፤ የፎረንሲክ ላቦራቶሪ ሥራ ደግሞ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጠይቃል።

በዩኒቨርሲቲዎ ክሪሚኖሎጂ ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል ከሌለው፣ ሶሲዮሎጂ ገብተው በሁለተኛ ዲግሪ ወደ ክሪሚኖሎጂ ማተኮር ጥሩ መንገድ ይመስለኛል። «ክሪሚኖሎጂስት ይፈለጋል» የሚል የሥራ ማስታወቂያ በየጊዜው ያገኛሉ ብዬ ግን አላታልልዎትም፤ ይበልጥ የሚቀርብዎት በማረሚያ ቤቶች፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ከጥቃት በሚከላከሉ ድርጅቶችና በጥናት ተቋማት ያለው ሥራ ነው። ምርጫዎን ከመሙላትዎ በፊት የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር ጠይቀው፣ ወንጀልን የሚመለከት ኮርስ መኖሩንና የጥናት ዘዴ ስንት ሴሚስተር እንደሚሰጥ ይመልከቱ፤ ዝርዝሩን ለአባትዎም ያሳዩዋቸው።