ዝርዝር ሲጠፋ፦ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

“አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የመዳብ ሳንቲም ሰጠኝ። 1863 ይላል፤ ከጀርባው ‘ዋን ሰንት’ አለው። የአገሩ ስም ግን የለበትም። ፎርጅድ ነው?” ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

ፎርጅድ አይደለም፤ የመንግሥትም አይደለም። ሱቅ ሄደህ “ዝርዝር የለም” ተብለህ በመልስ ፈንታ ማስቲካ ተሰጥቶህ አያውቅም? ነገሩ እሱ ነው። አሜሪካ እርስ በርስ ስትዋጋ ሰው ወርቁን ደበቀ፣ ብሩን ደበቀ፣ በ1862 ሳንቲሙንም ሳይቀር ደበቀ። ነጋዴው መልስ ሲያጣ የራሱን አስቀረጸ። አንዳንዱ የሱቁን ስምና አድራሻ አስጻፈበት፣ ማስታወቂያም ሆነለት። አንዳንዱ ላይ ባንዲራና መፈክር ብቻ ነው ያለው።

አሁን አጉሊ መነጽር አምጣና ከ“ዋን ሰንት” በላይ እይ። በደቃቁ “ኖት” የምትል ካለች፣ “አንድ ሳንቲም አይደለም” ማለቷ ነው። የመንግሥትን አስመስለህ ሠራህ ቢባል ማምለጫ መሆኗ ነው እንግዲህ። ሁሌ ታስቀኛለች።

ሊንደንሙለር የሚባል የኒውዮርክ መጠጥ ቤት ባለቤት ከአንድ ሚሊዮን በላይ በትኗል ይባላል። የፈረስ ትራም ድርጅቱ ከተሳፋሪ የተቀበለውን ሰብስቦ “ቀይርልን” ቢለው፣ ሳቀበት። በሕግ የሚይዘው አልነበረም። በ1864 ኮንግረሱ የግል ሳንቲም ማሠራትን ከለከለ።

“ከአባቴ ሳጥን ቢጫ ሳንቲም አገኘሁ። ባርኔጣው ክንፍ ያለው ሰው ተቀምጦበታል፤ 1922 ይላል። ወርቅ ነው እንዴ?” ከጀጎል፣ ሐረር

እናቴ፣ ወርቅስ አይደለም። መዳብና አሉሚኒየም ነው። ሰውየው የሮማውያን የንግድ አምላክ ሜርኩሪ ነው። ከጀርባው “ቦን ፑር” ይላል፤ “ይህን ያህል ያወጣል” እንደማለት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ ዝርዝር ሲያጥራት በንግድ ምክር ቤቶቿ ስም የወጣ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1902 ስለሆነ፣ በጅቡቲ በኩል በነጋዴ ኪስ ሐረር ቢደርስ አይገርምም። የጅቡቲ ንግድ ምክር ቤትም የራሱን አውጥቶ ነበር። እሱ ከተገኘ ይጥሩኝ፤ ቡናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

“በሎሚና በአመድ ባጸዳውስ?”

እንዳታደርገው! እኔ አንዱን ፈትጌ ፊደሉን አጥፍቻለሁ። ጠርዙን ብቻ ይዘህ በወረቀት ጠቅልለው።

“ማርትሬዛችን 1780 ይላል። ይህን ያህል አርጅቷል?”

ዓመቱ አያታልልህ። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የትም ቢቀረጽ 1780 እንዳለ ነው። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሮም ውስጥ ያስቀረጸውም ያንኑ ይላል። ሚዛን ላይ ወደ 28 ግራም ካልመጣ ግን፣ ሻጩን ሻይ ጋብዘህ ሸኘው።