እማዬ በቴሌግራም ታርመኛለች (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ፣ እናቴ ጡረታ የወጣች የአማርኛ አስተማሪ ናት እና የቤተሰብ ግሩፕ ላይ የፃፍኩትን ሁሉ ከስር ታርመዋለች። ባለፈው «ስራ አገኘሁ!!» ብዬ ስፅፍ ከእንኳን ደስ አለሽ በፊት «ሥራ በንጉሡ ሠ ነው» ብላ መለሰችልኝ። እስኪ በናታችሁ፣ ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ለውጥ አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ፣ እኔ እንኳን ቅደም ተከተሉን ልጠብቅ። እማማ ልክ ናቸው፣ ሰዓቱን ነው የሳቱት። እነዚህ ፊደሎች ድሮ በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፣ አማርኛ ውስጥ ድምፁ ተቀላቅሎ መልኩ ብቻ ቀረ፣ ትግርኛ የሚናገር ጎረቤት ካለሽ «ሐ»ን እና «ዐ»ን ሲል አዳምጪው፣ ከጉሮሮው ነው የሚያወጣቸው። እኛ ጋ ግን ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ ስድስቱም ያው ናቸው።

ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ ግን አለ። ቤተ ክርስቲያን «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ስንል ለምኝልን ማለታችን ነው፣ በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ «ሠዐሊ» ብለሽ ከፃፍሽው ግን ሥዕል ሳዪልን እያልሻት ነው። ልደትሽ ላይ «ድህነትን ያድልሽ» ብሎ የሚመርቅሽ ሰው ካለም አትቀየሚው፣ ሊረግምሽ ፈልጎ ሳይሆን የብዙኃኑ ኀ ጠፍቶበት ነው፣ መዳን የሆነው «ድኅነት» ነበር ያሰበው።

ለኔ ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሰርች ማድረግ ላይ ነው። «ፀሐይ»ን አስቢ፣ የፊተኛው ፊደል ፀ ወይ ጸ፣ መካከለኛው ከስድስቱ አንዱ፣ 12 አይነት አፃፃፍ ማለት እኮ ነው። ስልኩ እንዳንቺ በድምፅ አያነብም፣ ለሱ ሁሉም የተለያየ ቃል ነው፣ ስለዚህ አክስትሽ «ጸሀይ» ብላ ሴቭ ያደረገችውን ፋይል አንቺ «ፀሐይ» ብለሽ ስትፈልጊ ብዙ ጊዜ የለም ይልሻል። የሰው ስም፣ ሲቪ፣ የሰርግ መጥሪያ ላይ ተጠንቀቂ፣ ሰውየው ራሱን «ኃይሉ» ብሎ ከፃፈ ኃይሉ ነው በቃ። ቻት ላይ ግን ብዙዎቹ ኪቦርዶች መጀመሪያ የሚሰጡሽ እሳቱን ሰ ነው፣ ሠን ለማግኘት ተጨማሪ መንካት አለው፣ ማን ይለፋል? እኔም ራሴ ለጓደኛ ስፅፍ «ስራ» ነው የምለው (ለእማማ እንዳትነግሪብኝ)።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ምኖረው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል መፃፍ ለምጄ አማርኛውንም በሱ ነው ምፅፈው። ባለፈው ለእህቴ «ማዳም ማታ መጣች» ብዬ ላክሁላት፣ እሷ «መታች» ብላ አንብባ ቤት ውስጥ ለቅሶ፣ በሌሊት ተደወለልኝ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ያንቺም የሷም አይደለም እህቴ፣ የ«ቲ» ነው። ተ እና ጠ ሁለቱም በ«ቲ» ይፃፋሉ፣ ቸ እና ጨ እንደዛው፣ «ቀ»ን ደግሞ አንዱ በ«ኬ» ሌላው በ«ኪው» ይፅፈዋል። እህትሽ ደግሞ ሰው አገር ስላለሽ ልቧ ተንጠልጥሎ ነው የምታነበው፣ ከሁለቱ ክፉው ቀድሞ ቢታያት አይገርምም።

ልማዱ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ ነው፣ ከዛ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ስለነበረው አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተፃፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይሆን ነበር፣ ስልኮቹም ለረጅም ጊዜ ፊደሉን አያሳዩም ነበር፣ ስለዚህ ሰው በላቲን ፃፈ እጁም ለመደ። ዛሬ ግን ስልክሽ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ መጨመር የደቂቃ ስራ ነው። እርግጥ ፊደሉም ሁሉን አይነግርሽም፣ «ይበላል» ብለሽ ብትፅፊ ሰውየው ምግብ ይበላል ይሁን እሱ ራሱ በጅብ ይበላል በማጥበቅና በማላላት ነው የሚለየው፣ ፊደሉ ላይ አይታይም። ቢያንስ ግን መጣና መታን አያምታታም። እስክትለምጂው ድረስ የማዳምን ነገር በቮይስ ላኪው።

ጥያቄ፦ ቢሮ ውስጥ «የኔ» ብዬ ስፅፍ አንድ ባልደረባዬ «የእኔ ነው ትክክሉ፣ አማርኛ አታውቅም» ይለኛል። (ከባህር ዳር)

መልስ፦ የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት አሳየው፣ በ1962 ዓ.ም የታተመውን። ገፁን እንኳን መግለጥ አያስፈልግህም፣ ርዕሱ ላይ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል፣ «የአማርኛ» አይልም። ካሳየኸው በኋላ ግን ከላይ የዱባይዋ እህታችን የፃፈችውን «ምፅፈው»ንም በዚሁ ላስፈቅድ እንዳትል፣ «የ»ን መዋጥ ስናወራ ሁላችንም እናደርገዋለን፣ የቢሮ ደብዳቤ ላይ ግን እኔም አላስጥልህም።