የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ እንጉዳይ የጎመን ዘመድ ነው ወይስ የዶሮ?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው፤ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ግርጌና ከለገጣፎ። ጠያቂዎቹ ባይተዋወቁም ጥያቄያቸው ዞሮ ዞሮ «ይህ ፍጡር ወገኑ ከማን ነው?» የሚል ሆኖ አገኘነው። በመልክና በስም ተመርተን የምንሰጠውን መልስ ሕዋሱ ብዙ ጊዜ አይመሰክርለትምና አራቱንም በአንድ ዐምድ ማስተናገዱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰበታ ነው። ከአራት ሴቶች ጋር ተደራጅተን በላስቲክ ከረጢት ጭድ ሞልተን እንጉዳይ እናመርታለን። ገበያችን የሚደራው በጾም ወራት ነው። በቅርቡ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጄ «እማዬ፣ እንጉዳይ እኮ ከጎመን ይልቅ የዶሮ ዘመድ ነው» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር፤ መጽሐፏን ገልጣ ስታሳየኝ ግን ግራ ገባኝ። ነገሩ እውነት ከሆነ ለደንበኞቼ ምን ልበል? ጾመኞቹስ ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ልጅዎ የነገረችዎት ትክክል ነው። ግራ መጋባትዎም የሚያስወቅስ አይደለም፤ ሊቃውንቱ ራሳቸው ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ እንጉዳይን ከዕፅዋት ጋር ሲቆጥሩ ኖረዋልና። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1735 ፍጥረትን በእንስሳት፣ በዕፅዋትና በማዕድናት ሦስት ስፍኖች ሲከፍል እንጉዳይ የደረሰው ከዕፅዋት ወገን ነበር፤ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስና ከመሬት ስለሚበቅል ሌላ ምን ሊባል ይችል ነበር? አሜሪካዊው ሮበርት ዊታከር ሕያዋንን በአምስት ስፍኖች ከፍሎ እንጉዳይ፣ ሻጋታና እርሾ ለሚገኙባቸው ፈንገሶች የራሳቸውን ስፍን የሰጠበትን አከፋፈል ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ ይህም ሰው ጨረቃን የረገጠበት ዓመት መሆኑ ሲታሰብ የነገሩ መዘግየት ያስደንቃል።

የጎመን ቅጠል ሕዋስ ሴሉሎስ በሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ግድግዳ አለው፤ በውስጡም አረንጓዴውን ክሎሮፊል የያዙ ክፍሎች ስላሉት ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውኃና ከአየር የራሱን ምግብ ያዘጋጃል፤ የተረፈውንም ስታርች አድርጎ ያስቀምጣል። የእንጉዳይ ሕዋስም ግድግዳ አለው፤ የቀድሞዎቹን ሊቃውንት ካሳቱት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ግድግዳው የተሠራበት ነገር ሴሉሎስ ሳይሆን ካይቲን ነው፤ የአንበጣና የጢንዚዛ ቅርፊት የሚሠራበት ያው ካይቲን። ክሎሮፊል የለውም፤ ትርፍ ምግቡን የሚያስቀምጠውም በስታርች ሳይሆን፣ በእኛና በዶሮ ጉበት ውስጥ እንደሚገኘው በግላይኮጅን መልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ተመራማሪዎች የእንስሳትን፣ የፈንገሶችንና የዕፅዋትን የዘር ቅንብር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያነቡ፣ እንስሳትና ፈንገሶች ከዕፅዋት ከተለዩ በኋላ የኖረ የጋራ አያት እንዳላቸው አረጋገጡ። ያ አያት የኖረው በግምት ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት ስለሆነ፣ ዝምድናው ለሠርግ የሚያስጠራ ዓይነት እንዳልሆነ መቼም ይረዱልናል።

እናንተ በሥራችሁ «ዘር» የምትሉት ራሱ ስለዚህ ነገር ብዙ ይናገራል። ከገዛችሁት ማሽላ ወይም ስንዴ ላይ የተጋገረው ነጭ ድር እንደ ጤፍ ወይም እንደ ባቄላ ያለ ዘር አይደለም፤ ሕዋሳት በሰልፍ ተያይዘው የሠሩት ክር ነው፤ የእንጉዳዩ ዋና አካልም ይኸው ክር ነው። እናንተ ቆርጣችሁ የምትሸጡት ጃንጥላው ግን አካሉ ለመራባት የሚያወጣው ክፍል ብቻ ነው። ክሩ ጭዱ ውስጥ ሲገባ የሚያፈርስ ፈሳሽ እያመነጨ ጭዱን ያሟሟዋል፤ የሟሟውንም ይመጥጣል። እንስሳ ከበላ በኋላ ይፈጫል፤ እንጉዳይ ግን ከፈጨ በኋላ ይበላል። በከረጢት የሚመረተው ኦይስተር የሚባለው ዓይነት እንዲያውም በዚህ አይወሰንም፤ በበሰበሰ እንጨት ውስጥ የሚሳቡ ደቃቅ ትሎችን በመርዝ አደንዝዞ ክሩን በሰውነታቸው ውስጥ በመስደድ ይበላቸዋል። ይህን ለደንበኞችዎ መንገሩን ግን አንመክርም።

ዝምድናው በጓዳችሁም ያስቸግራል። ከረጢቱ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ሲወጣ የፈንገስ መድኃኒት ብትረጩበት፣ ሻጋታውም እንጉዳዩም ፈንገሶች በመሆናቸው ሁለቱንም ልትጎዱ ትችላላችሁ፤ ጭዱ አስቀድሞ በፈላ ውኃ ወይም በእንፋሎት የሚታከመው ስለዚሁ ነው። በሰው ሕክምናም እንዲሁ ነው። ፔኒሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው በእኛ ሕዋስ ላይ የሌለውን የባክቴሪያውን ግድግዳ ሥራ በማሰናከል ነው፤ ጭርት ግን የፈንገስ በሽታ ስለሆነ ለባክቴሪያ የታዘዘ መድኃኒት አያድነውም። የፈንገስ ሕዋስ በብዙ ነገሩ የእኛን ስለሚመስል እርሱን ገድሎ እኛን የሚምር መድኃኒት ማግኘት ከባድ ነው፤ ከሚገኙት ብዙዎቹም ዒላማ የሚያደርጉት በፈንገስ ሕዋስ ሽፋን ውስጥ በእኛ ኮሌስትሮል ቦታ የሚገኘውን ኤርጎስቴሮል የተባለውን ነገር ነው። ይህን ስም ያዙት፤ ከሱሉልታ የመጣውን ጥያቄ ስንመልስ እንመለስበታለን።

ጾሙን በሚመለከት፣ የጾም ሥርዓት ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን ለይቶ የከለከለው የሕዋስን ግድግዳ መርምሮ አይደለም፤ ሥነ ሕይወትም ስፍኖችን የከፈለው ገበታን አስቦ አይደለም። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ የሚመልሱ አከፋፈሎች ናቸው። ልጅዎ እንጀራውን ያቦካው እርሾ ውስጥ ያሉት፣ ርዝመታቸው ከሚሊሜትር መቶኛ የማይበልጥ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትም የእንጉዳይ ዘመዶች መሆናቸውን ከሰማች ለእንጀራውም መጠየቋ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ወደ ንስሐ አባታችሁ ይላኳት።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ድንች አመርታለሁ። ክረምት ሲገባ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ይጠቁርና በሳምንት ውስጥ ማሳው ተቃጥሎ ያድራል፤ እኛ «ምች መታው» እንላለን። መድኃኒት ሻጩ «ፈንገስ ነው» ብሎ ለስንዴ ዋግ የሚረጨውን ሸጠልኝ። ሁለት ጊዜ ረጭቼ ምንም አላዳነልኝም። መድኃኒቱ አስመስሎ የተሠራ ይሆን?

መልስ፦ መድኃኒቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳተው ምደባው ይመስለናል። እንደገለጹልን ከሆነ ድንችዎን የመታው በብርድና በእርጥበት ወራት የሚስፋፋው፣ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ በሚባል ፍጡር የሚመጣው በሽታ ነው። ማለዳ ጤዛ ሳይደርቅ የቅጠሉን የታች ገጽ ቢያገላብጡ በጠቆረው ዳርቻ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር ያያሉ። ክር ያወጣል፣ በዱቄት መሰል ብናኝ ይራባል፤ ስለዚህ ለረጅም ዘመን ፈንገስ ሲባል ኖሯል። የሕዋሱ ግድግዳ ግን በዋናነት ከሴሉሎስ የተሠራ ነው፤ የዘር ቅንብሩም ከእንጉዳይና ከስንዴ ዋግ ይልቅ ወደ ቡናማ የባሕር አልጌዎች ያስጠጋዋል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ወደ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ሞት ምክንያት የሆነው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ኤርጎስቴሮል እንመለስ። ለስንዴ ዋግ ከሚረጩት መድኃኒቶች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞል፣ ፈንገሱ ኤርጎስቴሮል እንዳይሠራ በማገድ ይገድሉታል። የድንችዎ ጠላት ግን ከመጀመሪያውም ኤርጎስቴሮል አይሠራም። ስለዚህ እርስዎ የረጩት መድኃኒት ከእነዚህ ወገን ከነበረ፣ በሌለ በር ላይ ቁልፍ እንደማዞር ያህል ነው። በሚገዙበት ጊዜ «የፈንገስ» የሚለውን ቃል ትተው ለድንች ምች ተብሎ በመለያው ላይ የተጻፈበትን ይጠይቁ፤ ሜታላክሲልና ማንኮዜብ የተቀላቀሉበት መድኃኒት ለዚህ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ነው። ይሁንና በሽታው በተለይ ሜታላክሲልን የመላመድ ጠባይ ስላለው፣ መጠኑንና ጊዜውን ከቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ጋር ሳይመክሩ አይርጩ። የተበላሸውን ድንች ደግሞ ማሳው ዳር አይከምሩት፤ የሚቀጥለው ዓመት በሽታ የሚነሣው ከዚያ ነውና።

ጥያቄ፦ ቤቴ እንጦጦ ግርጌ ነው፤ ማታ ማታ ጅብ በበራችን ያልፋል። ከጎረቤቴ ጋር ተወራርደናል፤ እኔ ጅብ የውሻ ዘመድ ነው እላለሁ፣ እርሱ የድመት ይላል። ማን ይርታ?

መልስ፦ እንዳለመታደል ሆኖ የተረቱት እርስዎ ነዎት፤ ጎረቤትዎም ቢሆኑ ብዙ አይኩራሩ፤ ጅብ ድመትም አይደለምና። ሥጋ በሎቹ አጥቢዎች በሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ይከፈላሉ፤ ውሻ፣ ቀበሮና ድብ በአንዱ፣ ድመት፣ አንበሳ፣ ጥርኝና ጅብ በሌላው ይገኛሉ። ጅቦች በዚያ ቅርንጫፍ ላይ አራት ዝርያዎች ብቻ የቀሩት የራሳቸው አስተኔ (የቅርብ ዘመዳሞች ምድብ) አላቸው። እዚህ ላይ ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ ማየት አይበቃም፤ የጅብ፣ የውሻና የእርስዎ የጉንጭ ሕዋስ በመልክ ብዙም አይለያዩም። ልዩነቱ የሚነበበው በሕዋሱ ውስጥ ካለው የዘር ቅንብርና ከራስ ቅሉ የጆሮ አጥንት አሠራር ነው። ስም እንደሆነ አይታመንም፤ የሌሊት ወፍም ወፍ አይደለችም።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የምኖር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እናቴ የእንቁላል ዶሮዎች ታረባለች። መምህራችን «ኒውክሊየስ በአማርኛ አስኳል ይባላል» አሉን። ታዲያ የእንቁላል አስኳል የእንቁላሉ ኒውክሊየስ ነው ማለት ነው? እንቁላል አንድ ሕዋስ ነው የሚባለውስ እውነት ነው? አያቴ ደግሞ «ሕዋሳት አምስት ብቻ ናቸው» ብለው ይከራከሩኛል።

መልስ፦ ከአያትሽ እንጀምር። እርሳቸው የሚሉት አምስቱን የስሜት ሕዋሳት፣ ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስንና መዳሰስን ነው፤ ቃሉ በግእዝና በቀድሞው አማርኛ የኖረውም በዚህ ትርጉሙ ነው። የሥነ ሕይወት መምህራን በኋላ ቃሉን ወስደው ለሌላ ነገር ሰጡት። ያን ነገር እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት አይቶት፣ ባዶ ክፍሎች ስለመሰሉት «ትንሽ ክፍል» የሚል ትርጉም ያለውን ስም አወጣለት። ስለዚህ አያትሽም መምህርሽም ትክክል ናቸው።

አስኳል የሚለው ቃል ግን በእውነት ያሳስታል፤ በእኛ አስተያየት ለኒውክሊየስ ሌላ ስም ቢመረጥለት ይሻል ነበር። የእንቁላሉ አስኳል የሕዋሱ ኒውክሊየስ አይደለም፤ ራሱ ሙሉው ሕዋስ ነው። ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የማይታይ ነው፤ ለምሳሌ የሰው ቀይ የደም ሕዋሳት አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት ከመቶ በላይ ሆነው መሰለፍ አለባቸው። የዶሮዋ ሕዋስ እንዲህ የገዘፈው ለሚፈለፈለው ጫጩት ስንቅ ስለታጨቀበት ነው። ዘሩን የያዘው ክፍል፣ ማለትም እውነተኛው ኒውክሊየስ፣ ግን በአስኳሉ ገጽ ላይ ባለች አንዲት ፈዛዛ ነጥብ ውስጥ ይገኛል። ነጩ ፈሳሽ፣ ስሱ ሽፋንና ቅርፊቱ የሕዋሱ አካል አይደሉም፤ አስኳሉ በዶሮዋ የእንቁላል ቧንቧ ሲወርድ አንድ ቀን ያህል በሚፈጅ ጉዞ ላይ የሚደረቡለት ናቸው፤ ከዚያም ውስጥ ቅርፊቱ ብቻውን ወደ 20 ሰዓት ይወስዳል።

«እንቁላል አንድ ሕዋስ ነው» የሚለው አባባል እንግዲህ ትክክል የሚሆነው ለአስኳሉ ነው፤ ያውም አውራ ዶሮ ካልደረሰበት። የእናትሽ ዶሮዎች ያለ አውራ የሚኖሩ ከሆነ ነገሩ እንዲሁ ነው። አውራ ካለ ግን ሕዋሱ ገና በዶሮዋ ሆድ ሳለ መከፈል ስለሚጀምር፣ እንቁላሉ በተጣለበት ሰዓት ነጥቧ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይኖራሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1855 «ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ ይወጣል» ያለው ይህን ነው።

ራስሽ ለማየት ከፈለግሽ እናትሽን አስፈቅደሽ አንድ እንቁላል በዝርግ ሳህን ላይ ቀስ ብለሽ ስበሪ። አስኳሉ እንዳይፈርስ ተጠንቅቀሽ ጥቂት ጠብቂ፤ ነጥቧ ያለችበት ወገን ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይዞራል። ነጥቧ ትንሽ፣ ድፍንና ዳርዋ ያልተስተካከለ ከሆነች አውራ ያልደረሰበት ነው፤ ሰፋ ብላ መሐሏ የሳሳ ቀለበት ከመሰለች ግን አውራ ደርሶበታል።